የትናንቱ ዝናብ

ተማሪ፦ ጋሼ፣ የማስተርስ ፕሮፖዛሌን እንዲያዩልኝ ነው የመጣሁት። በኮምቦልቻ የበልግ ዝናብ ላይ ነው። ዝናባማ ቀናቱን ቆጥሬ፣ የመዝነብ ዕድሉን በባይኖሚያል ላወጣ አስቤያለሁ።

መምህር፦ ርዕሱን ወድጄዋለሁ። ግን ባይኖሚያል ስትዪ ቀናቱ አንዱ ከሌላው ነጻ ናቸው ማለትሽ ነው። ትናንት ሲዘንብ ቢውልም ፀሐይ ቢሆንም፣ ዛሬ የመዝነቡ ዕድል እኩል ነው?

ተማሪ፦ አይመስለኝም። ግን ነጻ ካልሆኑ የታላላቅ ቁጥሮች ሕግ አይሠራም ብዬ ፈራሁ።

መምህር፦ ሩሲያዊው ፓቬል ኔክራሶቭም እንደዚያ ብሎ ተከራክሯል፤ ነገሩን ከሰው ልጅ ነጻ ፈቃድ ጋር ሳይቀር አያይዞታል። አንድሬይ ማርኮቭ ግን እ.ኤ.አ. በ1906 አንዱ በሌላው ላይ የተንጠለጠሉ ክስተቶችም አማካያቸው ሊረጋ እንደሚችል በሒሳብ አረጋገጠ። በ1913 ደግሞ ከፑሽኪን «ዬቭጌኒ ኦኔጊን» 20,000 ፊደላት ወስዶ አናባቢና ተነባቢውን ለየ።

ተማሪ፦ ምን አገኘ?

መምህር፦ 8,638 አናባቢዎች፤ ከመቶ 43 ገደማ። ከአናባቢ ቀጥሎ አናባቢ የመምጣቱ ዕድል ግን 0.128 ብቻ ነው፤ ከተነባቢ ቀጥሎ ከሆነ 0.663። ልዩነቱ ይህን ያህል ሰፊ ሆኖ ሳለ አማካዩ አልተናጋም።

ተማሪ፦ አማካዩ ከረጋ ታዲያ የእኔ ባይኖሚያል ምን ይጎድለዋል?

መምህር፦ ገበሬውን አማካይ ብቻ መች ይጠቅመዋል! ዘሩ ከበቀለ በኋላ ዝናቡ ስንት ቀን እንደሚጠፋ ነው የሚያስጨንቀው። በ1962 ጋብርኤልና ኖይማን የቴል አቪቭን የክረምት ዝናብ በማርኮቭ ሰንሰለት አጥንተው ነበር። ከዝናባማ ቀን በኋላ የመዝነቡ ዕድል 0.662፣ ከደረቅ ቀን በኋላ 0.250 ሆነ። በጥቅሉ ደረቁ ቀን ከመቶ 57.5 ገደማ ነው። ዛሬ ደረቅ ነው እንበል፤ ቀጣዮቹ አሥር ቀናት በሙሉ ደረቅ የመሆናቸውን ዕድል በሁለቱም መንገድ አስዪው።

ተማሪ፦ ነጻ ናቸው ካልኩ 0.575ን አሥር ጊዜ አባዛለሁ፤ 0.004። በሰንሰለቱ ደግሞ 0.75ን አሥር ጊዜ… 0.056! አሥራ አራት እጥፍ!

መምህር፦ አየሽ? አማካዩ ያው ነው፤ የድርቁ ስጋት ግን ሌላ። በባይኖሚያል ተማምነሽ ለገበሬው «አትስጋ» ብትዪው ኖሮ ዘሩን ታስበዪው ነበር።

ተማሪ፦ የግምቴ ስህተትስ?

መምህር፦ እሱም ይሰፋል። 0.662 ሲቀነስ 0.250፣ 0.412 ነው። 1.412ን ለ0.588 አካፍዪ፤ 2.4 ይመጣል። ረዘም ባለ መዝገብ የአማካዩ ቫሪያንስ በዚህ ያህል ያድጋል። መቶ ቀን መዝግበሽ ያገኘሽው መረጃ አርባ ሁለት ገደማ ነጻ ቀናት የሚሰጡትን ያህል ነው። በማርኮቭ ፊደላት ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ አናባቢና ተነባቢ ስለሚፈራረቁ ቫሪያንሱ የባይኖሚያሉን ሲሶ እንኳ አይሞላም።

ተማሪ፦ እንግዲያው የቴል አቪቭን ሁለት ቁጥሮች ለኮምቦልቻ ልጠቀም?

መምህር፦ በፍጹም! ከራስሽ መዝገብ አውጪ። የካቲትና ሚያዝያም አንድ አይደሉም፤ በየአሥሩ ቀን ለየብቻ ገምቺ። ከዚያ የትናንቱ ብቻ ይበቃ እንደሆነ፣ ከትናንት ወዲያ ያለውን ጨምረሽ ፈትኚ።

ተማሪ፦ በጣቢያው መዝገብ ላይ ባዶ የቀሩ ቀናት አሉ። ዜሮ ብዬ ልሙላቸው?

መምህር፦ ኧረ ልጄ፣ እንዳታደርጊው! 0.0 ማለት ተመልካቹ መለኪያውን አይቶ ውሃ አላገኘም ማለት ነው። ባዶ ከሆነ ምናልባት ጭራሽ አላየውም። ዜሮ ስትሞዪበት ያልነበረ ድርቅ ፈጠርሽ። እንዳለ ተዪው፤ ግን አንዱ ባዶ ቀን ሁለት ሽግግሮችን ይዞ ይሄዳል፤ ከትናንት ወደ እሱ፣ ከእሱም ወደ ነገ። ከሁሉ በፊት በየዓመቱ ስንት ሽግግር እንደቀረሽ ቆጥረሽ አምጪልኝ፤ ሞዴሉን ከዚያ በኋላ አብረን እናያለን።