ካርቶኑ ምን ይላል?

ጋሼ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ቮልስ ሞተር ላይ አጎንብሰው ነው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ የጉለሌው ግቢያቸው በር ግን ዛሬም ገርበብ እንዳለ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት የሠፈር ልጅ ከአባቱ የወረሳትን 1300 ቮልስ እየነዳ ገባ፤ የተጣጠፈ ካርቶን በብብቱ ይዟል።

ጠያቂ፦ ጋሼ እንዴት አደሩ? ቸግሮኝ ነው የመጣሁት። ቮልሷ ዘይት ታንጠባጥባለች። አንድ ጋራዥ ባሳያት «ሞተር ይከፈታል» አሉኝ።

ጋሼ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ና ግባ። ከየት እንደሚፈስስ ነገሩህ?

ጠያቂ፦ «ከታች ነው» አሉኝ።

ጋሼ፦ ዘይትማ መቼም የሚታየው ከታች ነው። ላይ ይፈልቅና ብረቱን ይዞ ይወርዳል፣ ስትነዳ ንፋስ ይበትነዋል፣ ዝቅ ያለ ቦታ ሲያገኝ ይንጠባጠባል። ታች ስለረጠበ ታች ነው የሚል መካኒክ፣ እንባ የሚመነጨው ከአገጭ ነው እንደማለት ነው።

ጠያቂ፦ እነሱማ ሥሯ ያለችውን ሳህን አጠበቋት፤ ሲሊኮንም ቀቡባት።

ጋሼ፦ (ጎንበስ ብለው አዩ) ውይ ልጄን! ይህች ሳህን በስድስት ትናንሽ ዳዶ ነው የምትያዘው። የሚበቃቸው 7 ኒውተን ሜትር ነው፤ ቁልፉን በሁለት ጣት እንደመሳብ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ሳህኗ ትጎብጣለች፤ የሞተሩ ቤት ማግኒዥየም ስለሆነ ጥርሱም ይላጣል። ሲሊኮኑ ደግሞ ወደ ውስጥ የተረፈው ተቆርሶ ወንፊቱ ላይ ይለጠፋል። ቮልስ እኮ እንደ ሌላው መኪና የዘይት ፊልትሮ የላትም፤ ያለቻት ያቺ ወንፊት ብቻ ናት። ፈታና ጠርገህ፣ በሁለት አዲስ ጓርኒሲዮንና በአዲስ የመዳብ ራንዴላ ደረቁን ግጠማት። ካርቶኑ ምንድን ነው?

ጠያቂ፦ ትላንት ማታ ከሥሯ ያነጠፍኩት ነው። የኋላ ጎማዎቹን ቦታ በእስክሪብቶ አስምሬበታለሁ።

ጋሼ፦ ይሄ ነው መካኒክ! ዘርጋው እስቲ። የኋላ መከላከያው በዚህ በኩል ነው፣ አይደል? ጥሩ። ከዳር ያሉት እነዚህ ጥቂት ጠብታዎች የቫልቮላ ክዳኖቹ ናቸው። ቀላል ነው፤ የቡሽ ጓርኒሲዮን ነው ያላቸው። ክዳኑ በኩል በማስቲሽ ትለጥፈዋለህ፣ ቴስታታው በኩል ግሪስ ቀባ ታደርገዋለህ። ሁለቱንም ወገን ከለጠፍከው ቫልቮላ ለማስተካከል በከፈትክ ቁጥር ትቀደዋለህ።

ጠያቂ፦ ከዳር ገባ ብለው እንደ ሽሮ የተረጩት እነዚህስ?

ጋሼ፦ ሂተር ስትከፍት የተቃጠለ ዘይት ይሸትሃል?

ጠያቂ፦ ይሸተኛል! እንዴት አወቁ?

ጋሼ፦ ከሲሊንደሮቹ ሥር ስምንት ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ፤ በየጎኑ አራት አራት። ቫልቮላውን የሚገፉት ዘንጎች የሚያልፉት በነሱ ውስጥ ነው፣ ዘይቱም በነሱ ተመልሶ ይወርዳል። ጫፍና ጫፋቸው ላይ ያለው ጎማ ሲደርቅ ዘይቱ ሥራቸው ባለው የጋለ ማሞቂያ ላይ ይንጠባጠባል፤ ሽታው ሂተሩን ይዞ ይገባል። የፋብሪካውን ዓይነት ቱቦ ለመቀየር ቴስታታ ይወርዳል። ስትገጥመው ደግሞ ጫፉ ላይ ያለውን ሽብሽብ እየሳብክ ቱቦውን ወደ 190 ሚሊ ሜትር ታስረዝመዋለህ፣ ብየዳው ያለበትን መስመር ወደ ላይ ታደርጋለህ። ተገፍቶ የሚያጥር የሚረዝም ቱቦም አለ፤ እሱ ቴስታታ ሳይወርድ ይገባል። አንዳንዱ መካኒክ ይንቀዋል፣ እኔ ግን አልንቀውም።

ጠያቂ፦ እኔ የፈራሁት እነሱ «ፓራኦሊዮ ሄዷል» ያሉትን ነው።

ጋሼ፦ እሱ ዘይት የሚይዘው ጎማ ነው፤ ያለውም ሞተሩና ካምቢዮው የሚገናኙበት ጋ ነው። ካርቶንህን እየው፣ እዚያ ጋ ደረቅ ነው፤ ተመስገን በል። ርጥብ ቢሆን እንኳ መጀመሪያ በጣትህ ነክተህ ታሸተዋለህ፤ ድኝ ድኝ ካለህ የካምቢዮ ዘይት ነው፣ ሞተሩን አትክሰሰው።

ጠያቂ፦ ታዲያ ይሄ መከላከያው ጋ የተኛው ኩሬስ?

ጋሼ፦ እኔንም የያዘኝ እሱ ነው። ከፑሌጃው ጀርባ የወረደ ነው።

ጠያቂ፦ የሱ ፓራኦሊዮ ይቀየራላ!

ጋሼ፦ (ሳቁ) የለውም እኮ! ፑሌጃው አንገቱ ላይ እንደ ብሎን የዞረ ቦይ አለው፤ ሲሽከረከር ዘይቱን ወደ ውስጥ እየመለሰ ይይዘዋል። ያንን አልፎ ከወጣ ወይ ውስጥ ግፊት በዝቷል፣ ወይ ዘይት በዝቷል። ስንት ትጨምራለህ?

ጠያቂ፦ በየሳምንቱ ግማሽ ሊትር። መለኪያው ሁሌ ጎድሎ ነው የማገኘው።

ጋሼ፦ የት ቆማ ነው የምትለካት?

ጠያቂ፦ ቤት፣ ጠዋት ሳላስነሳት።

ጋሼ፦ የናንተ ሠፈር ቁልቁለት ነው። አፍንጫዋ ወዴት ነው?

ጠያቂ፦ ወደ ታች...

ጋሼ፦ መለኪያው ያለው ኋላ፣ ፑሌጃው አጠገብ ነው። አፍንጫዋ ሲያዘቀዝቅ ዘይቱ ወደ ፊት ይሸሻል፣ መለኪያው ጎደለ ይልሃል፣ አንተ ትጨምራለህ። ና፣ ወደ ሜዳው እንግፋት።

(ገፏት። ጥቂት ደቂቃ ጠብቀው መለኪያውን መዝዘው በጨርቅ ጠረጉት፣ መልሰው ከተው አወጡት። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ሁለት ጣት አልፎ ቆሟል። ልጁ ዝም አለ።)

ጋሼ፦ የዚህች ሞተር ሆድ 2.5 ሊትር ነው፤ ከዚያ በላይ የሰጠሃትን ነው ካርቶኑ ላይ የምትመልስልህ። አሁን አስነሳት።

(ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተው መዳፋቸውን ከአፉ በላይ ዘረጉ።)

ጋሼ፦ ትንሽ ትንሽ ነው የምትተነፍሰው። ጭስ እንደ ባቡር ቢያስወጣ ፋሻው አልቋል ማለት ነበር፤ ያኔ ማንም ጓርኒሲዮን አያቆመውም፣ ሞተር ይከፈታል የሚለውም እውነት ይሆን ነበር። ከመሙያው አንገት ወደ ታች የሚወርደውን ቱቦ እየው፤ ጫፉ ላይ ያለው የጎማ ምላስ በጭቃ ተደፍኗል። በሽቦ ጥረገው።

ጠያቂ፦ ስለዚህ ሞተሩ አይከፈትም?

ጋሼ፦ ዛሬ ዘይቱን እስከ ምልክቱ ቀንስ። ከዚያ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ካርቡራተሩንና ስፒንትሮጅኑን በላስቲክ ሸፍነህ በናፍጣና በብሩሽ እጠባት፣ በሳሙና ውኃ አለቅልቃት። በቤንዚን እንዳትሞክር፤ የነደደ ቮልስ በዓይኔ አይቻለሁ። ስትደርቅ የሕፃን ፓውደር ንፋባትና ሩብ ሰዓት ያህል ነድተህ ተመለስ። ነጩ ላይ የመጀመሪያዋ ጥቁር መስመር የት እንደጀመረች ለኔ ሳይሆን ለራስህ ታሳይሃለች።

ጠያቂ፦ ካርቶኑን ልጣለው?

ጋሼ፦ ለምን ትጥለዋለህ? ገልብጠው፣ ሌላኛው ፊቱ ንጹሕ ነው።