የኮርያ ተከታታይ ድራማ መልካምነቱና ጉድለቱ

የኮርያን ተከታታይ ድራማ በጅምላ ማመስገንም በጅምላ መንቀፍም መርምሮ ለሚፈርድ ሰው አይገባውም።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 መታየት የጀመረው «ዴ ጃንግጉም» የተባለው ባለ 54 ክፍል ድራማ፣ አንዲት ወላጅ አልባ ብላቴና ከቤተ መንግሥት ወጥ ቤት ተነሥታ የንጉሥ ጁንግጆንግ ሐኪም ለመሆን እንደ በቃች ያሳያል። በንጉሡ ዜና መዋዕል ስለዚህች ሴት የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነው፤ የቀረው የደራሲዋ ፈጠራ ነው። በዚህ ድራማ ከሁሉ የሚበልጠው የመምህርና የደቀ መዝሙር ነገር ነው። እመቤት ሃን ልጅቱን «የምጠጣው ውሃ አምጪልኝ» ትላታለች፤ ብታመጣላትም ደግማ ታዝዛታለች፤ ምክንያቱን ግን አትነግራትም። በመጨረሻ ልጅቱ «ሆድዎን ያምዎታልን? ጉሮሮዎንስ?» ብላ ጠየቀች። ያን ጊዜም ምግብ ማዘጋጀት ማለት ለሚበላው ሰው ማሰብ እንደ ሆነ ተረዳች። ከየኔታ እግር ሥር የተቀመጠ ሰው እንዲህ ያለውን ዝምታ ያውቀዋል።

ጉድለቱስ? በ2002 በታየው «ዊንተር ሶናታ» ወጣቱ በመኪና ተገጭቶ ያለፈውን ሁሉ ይረሳል፤ ከዓመታት በኋላም ዳግመኛ ተገጭቶ ያስታውሳል። (ሐኪሙ መኪናው ሆነ ማለት ነው!) የዚህ አንዱ ምክንያት አሠራሩ ነበር፤ በየሳምንቱ ሁለት ክፍል ማሳየት ልማድ ስለ ነበረ፣ የፊተኛው ሲታይ የኋለኛው ገና ይጻፍ ነበርና ደራሲው የሰውን ልብ ለመመርመር ጊዜ ያጣል፤ አደጋንም ይጠራል።

ነገር ግን ጥድፊያው ብቻ እንዳይደለ የሚያስረዳ አለ። በ2016 የታየው «የፀሐይ ዘሮች» መላው አስቀድሞ ተቀርጾ ያለቀ ነበር፤ እርሱም ሞተ ተብሎ የተለቀሰለትን ወታደር በድንገት በሕይወት አምጥቶታል።