መዋኛ ገንዳ በግቢዎ ለማሠራት

አዲስ አበባ ውስጥ ገንዳ ላሠራ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ወሬውን የሚጀምረው ከሴራሚኩ ቀለም ነው። ሴራሚክ የመጨረሻው ሥራ ነው። ብሩም ራስ ምታቱም ያለው ከሥሩ ነው።

1. መጀመሪያ ውሃውን ያስሉ። ርዝመቱ 8፣ ስፋቱ 4፣ አማካይ ጥልቀቱ 1.40 ሜትር የሆነ ገንዳ 45 ሺህ ሊትር ገደማ ይይዛል። 10 ሺህ ሊትር በሚጭን ቦቴ አምስት ምልልስ መሆኑ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በቧንቧ እሞላዋለሁ ማለት ዘበት ነው፤ ለማድ ቤቱ ካልበቃ ለገንዳ ከየት ይመጣል? የጉድጓድ ውሃ ያለዎት ደግሞ ቀድመው ያስመርምሩ፤ ብረት የበዛበት ውሃ ክሎሪን ሲገባበት ቡናማ ይሆናል።

2. ፀሐይ የማይለየው፣ ከዛፍ የራቀ ቦታ ይምረጡ። ዘና ብሎ ለመዋኘት ውሃው ከ26 እስከ 28 ዲግሪ መሆን አለበት፤ የአዲስ አበባ ሌሊት ይህን አይፈቅድም። ማሞቂያና የሌሊት ሽፋን ከመጀመሪያው በጀት ውስጥ ይግቡ። ቢሾፍቱና ሐዋሳ ለሚያሠሩ ይቀላል።

3. አፈሩን በመሐንዲስ ያስመርምሩ። ቦሌና አቃቂ አካባቢ የሚገኘው ጥቁር አፈር፣ ዋልካው፣ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ የተቀመጠበትን ኮንክሪት አብሮ ይሰነጥቀዋል። መሐንዲሱ ባዘዘው ጥልቀት ተጠርጎ ይውጣና በሰሌክት (በተመረጠ የሙሊት አፈር) ተተክቶ በደንብ ይጠቅጠቅ። ከሥሩ ጠጠርና የውሃ ማስወገጃ ቱቦ ይቀበር። እዚህ ላይ ቆጥቦ የተጠቀመ ሰው አላየሁም።

4. የግንባታ ፈቃድዎን ይዘው ወደ ፌሮ ይግቡ። ቱቦዎቹ ከኮንክሪቱ በፊት ተዘርግተው በግፊት ይፈተሹ። ወለሉ ላይ ያለው መምጠጫ አንድ ብቻ አይሁን፤ ሁለት ሆነው ይራራቁ፣ መከለያም ይኑራቸው፣ አለዚያ የልጅ ፀጉር ይይዛል። ኮንክሪቱ ሳይቋረጥ ይሞላ፣ ቢያንስ ለሳምንት ውሃ ይጠጣ።

5. ከሴራሚኩ በፊት ይሙሉትና ይሞክሩት። ግንቡ የሚመጠውን ከመጠጠ በኋላ በገንዳው ደረጃ ላይ ውሃ የሞላ ባልዲ ያስቀምጡ፤ የባልዲውንም የገንዳውንም የውሃ ልክ ያስምሩ። በማግስቱ እኩል ከቀነሱ ፀሐይ የወሰደው ነው። ገንዳው አብልጦ ከጎደለ ያፈሳል።

6. ፓምፑ ሙሉውን ውሃ በ6 ሰዓት ውስጥ በማጣሪያው የሚያዞር ይሁን፤ ለዚህ ገንዳ በሰዓት 8 ሜትር ኩብ ይበቃል። የኤሌክትሪክ መስመሩ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ ብሬከር ይኑረው። ክሎሪኑ በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም፣ ፒኤቹ ከ7.2 እስከ 7.6 ይጠበቅ።

7. ልጅ ያለበት ግቢ ከሆነ፣ ቢያንስ 1.20 ሜትር ከፍታ ያለውና በሩ በራሱ የሚዘጋ አጥር ሳይቆም ለሙከራም ቢሆን ውሃ አይሙሉ።

ክረምት የጠገበ መሬት ባዶ ገንዳን እንደ ጀልባ ሽቅብ ሊያነሳው ይችላል። እጥበትም ሆነ ጥገና ካለብዎ ለበጋ ያቆዩት፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ገንዳዎን ባዶ አይተዉ።