ጀነሬተሩ በቁልፍ አልነሳ ሲል

ልጄ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚጠሩት አንተን ነው። ቁልፉን አዙረህ ጀነሬተሩ ዝም ሲል ደግሞ "ሞተሪኖው ተቃጥሏል፣ ቀይረው" የሚል ሰው አይጠፋም። አትቸኩል። ሞተሪኖ ውድ ነው፤ ብዙ ጊዜም ጥፋቱ የሱ አይደለም። የምነግርህ ስለ ትንሹ፣ ቁልፍም ገመድም ስላለው የቤንዚን ጀነሬተር ነው።

1. ቁልፉን ኦን ላይ አድርገህ ገመዱን ሳብ። በገመድ ከተነሳ ቤንዚኑም ካንዴላውም ደህና ናቸው፤ ችግሩ ያለው ከባትሪው እስከ ሞተሪኖው ነው። የእንዲህ ዓይነቱ ሞተር ካንዴላ እሳት የሚያገኘው ከባትሪ ሳይሆን፣ ማግኔቱ እየዞረ በኮይሉ አጠገብ ሲያልፍ ነው። ስለዚህ ባትሪው ቢሞትም ሰው ጨለማ ውስጥ አይቀመጥም። አስነሳላቸው፤ ፍተሻው ይደርሳል።

2. ቁልፉን ስታዞር የምትሰማውን ልብ በል። ምንም ድምፅ ከሌለ ፊውዙን፣ ቀጥሎ የቁልፉን ሽቦዎች እይ። ቀጭ ቀጭ ቀጭ እያለ ከደጋገመ ባትሪው ደክሟል፣ ወይም ሽቦው ላልቷል። አንዴ ቀጭ ብሎ ዝም ካለ ሪሌው ሠርቷል፤ በቂ ከረንት ግን ሞተሪኖው ጋ አልደረሰም፣ ወይም ሞተሪኖው ራሱ ተይዟል።

3. ሞተሩ ባረፈበት ባትሪውን በቴስተር ለካ። 12.6 ቮልት ገደማ ካሳየህ ሙሉ ነው፤ 12 ካሳየህ ሊያልቅ ደርሷል። በዚህ ብቻ ግን አትመነው። ሌላ ሰው ቁልፉን ሲያዞር ቁጥሩን ተመልከት። ከ9.6 በታች ከወረደ ቮልት አለው እንጂ ጉልበት የለውም። ቻርጅ አድርገህ ድገመው፤ አሁንም ከወረደ መቀየር ያለበት ባትሪው ነው።

4. ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፤ ተረጋግተህ ሥራው። ኔጌቲቩን አስቀድመህ ፍታ። የባትሪው ጫፍ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካየህ በሞቀ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ እጠበው፤ እርሳሱ እስኪያብረቀርቅ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍገው። የኔጌቲቩን ገመድ ሌላኛውን ጫፍም አትርሳ። ሞተሩ አካል ላይ በብሎን የታሰረው እሱ ነው፤ ሥሩ ዝገት ወይም ቀለም ካለ ከረንቱ መመለሻ ያጣል። አጽድተህ ካሰርክ በኋላ የቴስተሩን አንድ እግር የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ አካል ላይ አድርገህ ቁልፉን አስዞር። ከግማሽ ቮልት በላይ ካነበብክ የኔጌቲቩ ገመድ መስመር ገና አልተስተካከለም። ይህን ሳታይ ሞተሪኖ አትግዛ።

5. በገመድም ካልተነሳ ካንዴላ ከመፍታትህ በፊት የዘይቱን ልክ እይ። ዘይት ሲጎድል እሳቱን የሚቆርጥ መቆጣጠሪያ ያላቸው ብዙ ናቸው። ዘይቱ ሞልቶም መሬቱ ዘመም ካለ ሊቆርጠው ይችላል፤ ደልዳላ ቦታ ላይ አቁመህ ሞክር።

6. ቁልፉን ከ5 ሰከንድ በላይ ይዘህ አትቆይ። ካልተነሳ 10 ሰከንድ ያህል አሳርፈው። ሞተሪኖን በእርግጥ የሚያቃጥለው ያለ ዕረፍት ማዞር ነው።

7. ከተነሳ በኋላ ባትሪውን እንደገና ለካ። ቁጥሩ ካልጨመረ ቻርጅ እየተደረገ አይደለም፤ ነገም እዚሁ ትገኛለህ።

8. ይህን ሁሉ ደጅ ሥራው። ዝናብ ቢጥል እንኳ ጀነሬተሩን ቤት አስገብተህ አታስነሳ። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፤ ሰው ይገድላል። በርና መስኮት መክፈት አይበቃም። ዝናቡ እስኪያባራ ሰዎቹ ይጠብቁ።