አዲስ የውሃ ፓምፕ ሞተር፦ የዘይት መረጣና የመጀመሪያዎቹ 20 ሰዓታት



በዚህ ርዕስ የምናየው በርብና በጉማራ ዳርቻ ለሽንኩርትና ለቲማቲም መስኖ የምትጠቀሙበትን፣ በቤንዚን የሚሠራውን ባለ 2 ወይም ባለ 3 ኢንች የውሃ ፓምፕ ነው። ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁን ሞተሩ ካረጀ በኋላ ስለ ጥገናው ነው። ይሁን እንጂ አንድ ሞተር ስንት የመስኖ ወቅት እንደሚያገለግል በአብዛኛው የሚወሰነው በተገዛበት ሳምንት ነው። ሽንኩርቱ ኮረት በሚይዝበት ጊዜ ፓምፕ ቆሞ መካኒክ ፍለጋ መዞር ምን እንደሚያስከፍል ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

በመጀመሪያ ዘይት መኖሩን ማየት

አዲስ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካ የሚላከው ያለ ዘይት ነው። ሻጩ «ሁሉም የተሟላ ነው» ቢላችሁም በዓይናችሁ ሳታዩ የማስነሻ ገመዱን አትሳቡ። ያለ ዘይት የተነሳ ሞተር ብዙ ሳይቆይ ፒስተኑ ይጣበቃል። አንዳንዱ ሞተር ዘይት ሲጎድል ራሱን የሚያጠፋበት መቆጣጠሪያ አለው፤ በእሱ ተማምኖ መሞከር ግን አይገባም።

ፓምፑን ደልዳላ ቦታ ላይ አስቀምጡ። የዘይት መለኪያውን አውጥታችሁ በንጹህ ጨርቅ ጥረጉ፤ መልሳችሁ ክተቱና አውጥታችሁ እዩ። መለኪያው ሲገባ ይጠበቅ ወይስ አይጠበቅ የሚለውን የሞተሩ መመሪያ ይነግራችኋል። ለ5.5 ወይም ለ6.5 የፈረስ ጉልበት ሞተር የሚበቃው ወደ 0.6 ሊትር ዘይት ነው። አንድ ሊትር ገዝቶ «ከሚተርፍ» ብሎ ሁሉንም መገልበጥ ሌላ ጉዳት ያመጣል፤ ትርፉ ዘይት የአየር ማጣሪያውንና ካንዴላውን ያረጥባል፣ ሞተሩንም ያስጨሰዋል።

የትኛው ዘይት?

በእነዚህ ትናንሽ ሞተሮች ውስጥ ዘይቱን የሚገፋ ፓምፕ የለም፤ ዘይቱ ከሥር እየተረጨ ነው ክፍሎቹን የሚያለሰልሰው። ስለዚህ «ወፍራም ዘይት ሞተር ይጠብቃል» የሚለው አባባል እዚህ ላይ አይሠራም። በጥር ጠዋት ብርድ የረጋ ወፍራም ዘይት በደንብ አይረጭም። ሻጩን «ኤስ ኤ ኢ 10 ደብሊው 30» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሲቀዘቅዝ ቀጭን፣ ሲግል ደግሞ የሚበቃ ውፍረት ያለው ዘይት ነው። ሙቀት በማይለያቸው ቆላማ ቀበሌዎች ነጠላ 30 ቁጥርም ይሆናል።

ቀጥሎ የደረጃውን ፊደል እዩ። በ«ኤስ» የሚጀምረው ለቤንዚን፣ በ«ሲ» የሚጀምረው ለናፍጣ ሞተር ነው። ለቤንዚን ፓምፕ «ኤስ ጄ» ወይም ከእሱ በኋላ የመጣውን ምረጡ። የካምቢዮ ዘይትና ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት በነፃ ቢሰጣችሁም አትቀበሉ። ዘይት ከቤንዚን ጋር እየቀላቀላችሁ የምትጠቀሙበት የኬሚካል መርጫ ሞተር ያላችሁም ልማዱን ወደ ፓምፑ እንዳታመጡት፤ የፓምፑ ቤንዚንና ዘይት ቦታቸው የተለያየ ነው።

ሞተሩን ማለማመድ

ወይፈን ስታቀኑ በመጀመሪያው ቀን እስከ ማታ አታርሱበትም። ነገር ግን ቀንበር ሳይጫነው የሚቀና ወይፈንም የለም። ሞተርም እንዲሁ ነው። የፒስተኑ ፋሻና የሲሊንደሩ ግድግዳ አዲስ ሲሆኑ ገና አልተገጣጠሙም፤ እየተፋተጉ ነው የሚስማሙት። ፋሻውን ወደ ግድግዳው የሚገፋው ደግሞ ሞተሩ ሥራ ሲይዝ የሚፈጠረው ግፊት ነው። «ይለማመድ» ተብሎ ቀኑን ሙሉ ያለ ሥራ ዝግ ብሎ የሚንዶቀዶቅ ሞተር ግድግዳው ይለሰልስና ፋሻው ሳይገጥም ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ዘይት መብላት ይጀምራል።

የፓምፑን ሆድ ውሃ ሙሉ፣ አስነሱ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ አሙቁት፣ ከዚያ ውሃ አስስቡት። በመጀመሪያዎቹ 5 ሰዓታት የነዳጅ መስጫውን ከግማሽ እስከ ሦስት አራተኛ ባለው መካከል ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ ሥሩ፤ አንድ ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላም አሳርፉት። ለዚህ ጊዜ ለውሃው ቅርብ የሆነውን ማሳ ምረጡ። የጣና ዙሪያ ከባሕር ወለል 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ይላል፤ ሞተሩ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ጉልበት ሁሉ አይሰጥም። «ደከመ» ብላችሁ መስጫውን እስከ መጨረሻ አትልቀቁበት። ጥቁር ጭስ ከበዛና ካንዴላው ጥላሸት ከያዘ ቤንዚን በዝቶበታል፤ ካርቡራተሩን መካኒክ ያስተካክለው።

የመጀመሪያው ዘይት ቅየራ

ብዙ ፓምፕ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ የዘይት ማጣሪያ ስለሌለው በመፋተግ የወጣው የብረት ብናኝ እዚያው ዘይቱ ውስጥ ይዞራል። የብዙ ሞተሮች መመሪያ የመጀመሪያውን ዘይት «በ1 ወር ወይም በ20 ሰዓት፣ በቀደመው» ቀይሩ ይላል፤ ቶሎ እንዲቀየር የሚያዝዝም አለ። ብዙ ሰው የሚይዘው «1 ወር» የሚለውን ብቻ ነው። በቀን 5 ሰዓት ለሚያጠጣ አርሶ አደር ግን 20 ሰዓት በአራት ቀን ያልቃል። ወሩን ከጠበቀ ሞተሩ 150 ሰዓት በብናኝ ሠራ ማለት ነው።

ሞተሩን አጥፍታችሁ ገና ሞቅ እንዳለ አፍስሱት፤ ብናኙ ከዘይቱ ጋር ይወጣል። በነጭ ሳህን ላይ ጠብ አድርጋችሁ በፀሐይ ብታዩት የሚያብለጨልጭ ደቃቅ ነገር ይታያል። ለመጀመሪያ ጊዜ ይህ ያለ ነው። በሁለተኛው ቅየራም ከታየ፣ ወይም ስባሪ ብረት ካገኛችሁ ሞተሩን ለመካኒክ አሳዩ። ከዚያ በኋላ በየ100 ሰዓቱ ወይም በየ6 ወሩ መቀየር ይበቃል፤ ደረጃውን ግን በየቀኑ ሳታስነሱ እዩ።

ፓምፑን በጋራ የገዛችሁ ወይም በሰዓት የምታከራዩ ከሆነ አንድ ደብተር ከፓምፑ ጋር ይዙር፤ የተጠቀመ ሁሉ የሠራበትን ሰዓት ይጻፍ። የወጣውን ዘይት በጀሪካን አጠራቅሙ እንጂ ቦይ ውስጥ ወይም ወንዝ ዳር አታፍስሱ፤ ያንኑ ውሃ ነው መልሳችሁ የምትስቡት።