የሚያነሣ ሰው፦ ለሕሙማን በልክ ስለሚሰጥ የአካል እንቅስቃሴ

የዐቢይ ጾም አራተኛ እሑድ መጻጉዕ ይባላል። ቤተ ክርስቲያናችን በዚህ ዕለት 38 ዓመት በአልጋ ላይ የኖረውንና ጌታችን ተነሥቶ አልጋውን ተሸክሞ እንዲሄድ ያዘዘውን በሽተኛ ታስባለች። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 እንደምንማረው፣ የዚያ ሰው ኀዘን ሕመሙ ብቻ አልነበረም፤ ውኃው በተናወጠ ጊዜ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው ማጣቱም ነበር። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋዎች በየቤቱ የተኙትን ሕሙማን የሚያነሣቸው ማነው? የዚህ ትምህርት ጥያቄ ይህ ነው።

የራሳችን ስሕተት

ከጥቂት ዓመታት በፊት በመንዝ የሚገኝ አንድ ደብር መሪጌታ በስትሮክ ምክንያት የቀኝ ጎናቸው ሰነፈ። ልንጠይቃቸው በሄድን ጊዜ መደብ ላይ ባና ለብሰው ተኝተው አገኘናቸው። ቤተሰቡ እንዳይደክሙ በማሰብ የውኃ ጣሳ እንኳ በእጃቸው አያስይዛቸውም ነበር። እኛም «አባታችን፣ አይነሡ፤ ይረፉ» ብለን መክረን ተመለስን። በወራት ውስጥ ትከሻቸው ደረቀ፤ ጉልበታቸው እንደታጠፈ ቀረ፤ ወገባቸውም ቆሰለ። ምክራችን ከፍቅር እንጂ ከዕውቀት እንዳልመጣ ያን ጊዜ ገባን።

ኋላ ያየቻቸው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በመጀመሪያ የጠየቀቻቸው «አባቴ፣ ምን መሥራት ይናፍቅዎታል?» ብላ ነው። «ማሕሌት መቆም» አሏት። ሥራዋን ከዚያ ጀመረች፦ በቅድሚያ በጎን መገልበጥ፣ ቀጥሎ በመደቡ ጠርዝ መቀመጥ፣ ከዚያ ተደግፎ መነሣት፣ በመጨረሻም በመቋሚያቸው መራመድ። የሰነፈውን ክንድ ማንም እየጎተተ እንዳያነሣቸው ቤተሰቡን አስጠነቀቀች። መሪጌታ ዛሬም ቀኝ እጃቸው አልተመለሰም፤ ነገር ግን እስከ ደጀ ሰላሙ በእግራቸው ይሄዳሉ።

የጉልበት ሥራና ሕክምና አንድ አይደሉም

ገበሬዎቻችን «እኛ ቀኑን ሙሉ ስንለፋ እንውላለን፤ እንቅስቃሴ ለከተሜ ነው» ይላሉ። ንግግሩ ከፊል እውነት አለው። ይሁን እንጂ የእርሻ ሥራ መጠኑን የሚወስነው መሬቱና ወቅቱ እንጂ የሕመምተኛው ልብ ወይም ጉልበት አይደለም። ሕክምናዊ እንቅስቃሴ ግን እንደ መድኃኒት ይታዘዛል፦ ዓይነቱ፣ በሳምንት ስንት ቀን፣ በምን ያህል ብርታት፣ ለስንት ደቂቃ የሚሉት አራቱ ተለይተው ይወሰናሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ የደም ግፊትና ዓይነት 2 የስኳር ሕመም ያለባቸውን ጨምሮ አዋቂዎች እንደ አቅማቸው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ቢያንስ ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ እንዲሠሩ ይመክራል። የሚሠራ ጡንቻ ስኳርን ከደም ይወስዳል፤ አዘውትሮ መራመድም የደም ግፊትን ያወርዳል፤ ይህ ግን የታዘዘውን መድኃኒት አይተካም።

መካከለኛ ብርታት በምን ይታወቃል? የሚራመደው ሰው ማውራት ችሎ መዘመር ቢያቅተው መጠኑን አገኘ። ማውራትም ካቃተው ይቀንስ። በ3,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በ30 ከመቶ ገደማ ስለሚያንስ፣ ከቆላ ወደ ደጋ የወጣ ሕመምተኛ ቀስ ብሎ ሊጀምር ይገባዋል። ጉልበቱን የሚያመው ሰውም ቁልቁለት እንደሚብስበት ዐውቆ በሜዳ ላይ ይራመድ። ለጭን ጡንቻ ከመደብ ላይ ቀስ ብሎ መነሣትና መቀመጥ፣ ለክንድ ደግሞ ውኃ የተሞላ ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ይበቃል።

ማቆም የሚገባን መቼ ነው?

የደረት ሕመም፣ ራስ ማዞር፣ ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ወይም ድንገተኛ የአካል መስነፍ ከታየ እንቅስቃሴው ወዲያው ይቁም፤ ሕመምተኛውም ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። በዕረፍት ላይ ሳለ የደም ግፊቱ 180/110 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነም ሐኪም ሳያየው አይጀምር። ስትሮክ ላገኘው ሰው እንቅስቃሴ የሚጀመርበትን ጊዜ የሚወስነው ሐኪም ነው፤ ተኝቶ ሳለ ግን በየሁለት ሰዓቱ ጎኑን መለወጥ ከቁስል ይጠብቀዋል።

ለእኛ የሚከብደው የጾም ጉዳይ ነው። ኢንሱሊን የሚወስድ ሕመምተኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምስ ውሎ ረጅም መንገድ ቢሄድ ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ይችላል። ማላብ፣ መንቀጥቀጥና ግራ መጋባት ምልክቶቹ ናቸው። ከ70 በታች ከወረደና መዋጥ ከቻለ ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ይጠጣ፤ ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይሰጠው ወደ ሕክምና ይወሰድ። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን ከአቅሙ በላይ አታስጾምም፤ ስለዚህ ሕመምተኛው ሐኪሙንም የንስሐ አባቱንም አስቀድሞ ያማክር። በእግሩ ከመጓዙ በፊት ጫማውን አራግፎ፣ ከመጣም በኋላ ቁስል እንዳለ መርገጫውን ያይ፤ ስሜቱ የደነዘዘ እግር መቁሰሉን አይናገርምና።

ከእኛ የሚጠበቀው

ፊዚዮቴራፒ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ የሚሰጥ ሙያ ነው። በየቀበሌው ግን ባለሙያ የለም። ስለዚህ የልማት ሠራተኛው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና ካህኑ ሊተባበሩ ይገባል። ካህኑ በየቤቱ የተኛውን ያውቃል፤ የጤና ሠራተኛዋ ግፊቱን ትለካለች፣ ወደ መሐል ሜዳ ወይም ወደ ዓለም ከተማ ሆስፒታል ትልካለች፤ ባለሙያው ያዘዘውን ደግሞ ቤተሰብ በየዕለቱ ያስፈጽማል። እኛ መጠኑን አንወስንም፤ የታዘዘው እንዳይቋረጥ ግን እንጠብቃለን። ጸበልና መድኃኒትም አንዱ ሌላውን አያስጥልም።

ለውይይት

1. በአጥቢያችን ከቤት ሳይወጡ የከረሙ ሕሙማን እነማን ናቸው? መጨረሻ የጎበኘናቸውስ መቼ ነው?
2. «ይረፉ» የምንለው መቼ ለሕሙማን አዝነን፣ መቼስ የሚያስፈልጋቸውን ድካም ለራሳችን ፈርተን ነው?
3. በሰንበቴ ወይም በማኅበር ቤት፣ አንድን ሕመምተኛ በሳምንት ሦስት ቀን ደግፎ የሚያራምድ ማን ይመደብ?

መጻጉዕን ያነሣ አምላክ፣ እኛንም የወደቀውን የምናነሣ ያድርገን።