«ፕሮፋውንድ» ስለሚለው የእንግሊዝኛ ቃል

በዚህ ዕትም የምንመለከተው «ፕሮፋውንድ» የተባለውን የእንግሊዝኛ ቅጽል ነው። ምንጩ ላቲን ሲሆን የተገኘውም «ፉንዱስ» ከሚለው፣ ወለል ወይም ሥረ መሠረት ማለት ከሆነው ስም ነው። የምዕራባውያን ቤተ ክርስቲያን መዝሙር 129ን «ዴ ፕሮፉንዲስ» እያለች የምትጠራው ከዚሁ ሥር ነው። (ልጆቻችን የሚይዙት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይህንኑ መዝሙር አብዛኛውን ጊዜ 130 ብሎ ይቈጥረዋልና አትደናገሩ።) በግእዝ ለዚሁ ሐሳብ «ዕመቅ» የሚል ቃል አለን፤ «እመቀ እመቃት» የምንለውም ከእርሱ ነው።

እንግሊዞች ለጕድጓድና ለባሕር «ዲፕ» ይላሉ፤ «ፕሮፋውንድ» ግን በአብዛኛው ለማይዳሰሰው ነው፤ ለሐሳብ፣ ለሐዘን፣ ለዝምታ። ይህን ሁሉ በአማርኛ «ጥልቅ» እያሉ መተርጐም በእኛ አስተያየት ስንፍና ነው። ጥልቅ ዕውቀት ማለት ያምራል፤ ሐዘን ግን መሪር፣ እንቅልፍም ከባድ ነው። «ጥልቅ አለ» ማለትማ ሳይጠሩት በሰው ነገር መግባት መሆኑን ማን ይረሳል!

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው በሐኪም ቤት ነው። በዚያ ቃሉ የደረጃ ስም ነው። የመስማት ጉድለት ሲመደብ «ማይልድ» ቀላል፣ «ሞደሬት» መካከለኛ፣ «ሲቪር» ከባድ ተብሎ ከዚያ «ፕሮፋውንድ» ይከተላል፤ ይኸውም ከከባዱ የባሰ ማለት ነው። በተለመደው አመዳደብ እንዲህ ያለው ጆሮ ድምፁ 90 ዴሲቤል ገደማ ካልደረሰ አይሰማም፤ ተራ ንግግር ግን 60 ገደማ ነው። የአእምሮ ዕድገት ውስንነትም በእነዚሁ አራት ስሞች ሲመደብ ኖሯል።

እንግዲህ በሕፃኑ የምርመራ ወረቀት ላይ ይህን ቃል ያየ ወላጅ መዝገበ ቃላት ገልጦ «ጥልቅ፣ ረቂቅ» የሚል ፍቺ ቢያገኝ ነገሩን አቅልሎ ሊያየው ይችላል። ጊዜውም አይጠብቅም፤ ኮክሊየር ኢምፕላንት የሚባለው፣ በቀዶ ሕክምና በጆሮ ውስጥ የሚገባው መሣሪያ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ለዚህ ደረጃ ነው፤ መስማት ሳይችል ለተወለደ ሕፃንም በለጋ ዕድሜው ሲደረግለት አፉን ለመፍታት ይበልጥ ይረዳዋል። ስለዚህ ለአስተርጓሚነት ከወላጆች ጋር የምትሄዱ ወጣቶች «ጥልቅ የመስማት ችግር» ብላችሁ አትለፉ። «እጅግ ከባድ፣ ከአራቱ ደረጃዎች የመጨረሻው» በሉ፤ ዴሲቤሉንም ለእያንዳንዱ ጆሮ ለይታችሁ ሐኪሙን ጠይቁና ለእናቲቱ በቍጥር ንገሯት።